ስልሳ ያለፈው የፒንግ ፖንግ አሰልጣኝ ብረት ያንሳ?

በገርጂ፣ በጉርድ ሾላ፣ በሰሚት ወይም በአያት የጠረጴዛ ቴኒስ የሚያሰለጥን ሰው ስልሳን ሲሻገር ሁለት የሚጣሉ ምክሮች ይደርሱታል። የጂሙ ወጣት «ጋሼ፣ ብረት ይጀምሩ እንጂ፤ ጡንቻ በዚህ ዕድሜ ዝም ብሎ አይቆይም» ይለዋል። አብረውት ራኬት ይዘው ያረጁት ደግሞ «ተው፣ እጅህ ይከብዳል፤ ጨዋታው ራሱ ስፖርት አይደል?» ይሉታል። ሁለቱም የሚናገሩት በገዛ ሰውነታቸው ያዩትን ስለሆነ ማንም ማንንም አያሳምንም።

የአንጋፎቹን ቃል እንደ አጉል ልማድ ማጣጣል ይቀናናል፤ ግን ደህና ምክንያት አላቸው። ኳሷ 2.7 ግራም ናት። ጠረጴዛው ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.74 ሜትር ነው። እዚያ ላይ ነጥብ የሚገኘው በእጅ አንጓ ልስላሴ፣ በሰርቭ ተንኮልና የተጋጣሚን ሐሳብ ቀድሞ በማወቅ ነው፤ ሰፊ ደረት ምንም አይጨምርም። ምስክር ከፈለጉም ኒ ሺያሊያን አለች። እ.ኤ.አ. በ1983 ለቻይና የዓለም ሻምፒዮን የነበረችው ይህች ሴት በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ለሉክሰምበርግ ተሰልፋ፣ በ61 ዓመቷ የመጀመሪያ ዙር ጨዋታዋን አሸንፋለች። አጨዋወቷን ያየ ያውቀዋል፦ ከጠረጴዛው አትርቅም፣ ብዙ አትሮጥም፣ ኳሱን ለተጋጣሚዋ በማይመች ቦታ ታስቀምጣለች።

ሌላም አለ። ሰኞ እግሩን የሠራ ጀማሪ ረቡዕ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይደግፋል። ጭኑ የተሳሰረ ተጫዋች ኳሱ ጋ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የዘገየውን እግር በክንዱ ሊያካክስ ሲሞክር ዕዳው ትከሻው ላይ ይወድቃል። የቦሌ ጂሞች አሠራርም ያሠጋል። ብዙዎቹ ለሃያ አምስት ዓመት ወጣት የተዘጋጁ ናቸው፤ መስተዋቱም፣ የሙዚቃው ጩኸትም፣ የመጀመሪያው ትእዛዝም ይህን ይናገራሉ፦ ጋደም ብለህ ብረት ግፋ። አርባ ዓመት በአንድ እጁ ፎርሃንድ ሲመታ የኖረ ሰው የትከሻው ፊት ቀድሞም የጠበበ ነው። እሱን ከከባድ ብረት በታች ማስተኛት ምን እንደሚጠቅመው አይገባኝም። በዚህ ነጥብ ላይ ከአንጋፎቹ ጋር ነኝ።

የጂሙ ወገን መከራከሪያ ግን ከመስተዋቱ ይልቃል። ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ የሰው ጡንቻ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይገመታል፤ ከስልሳ በኋላ ይፋጠናል። ይበልጥ የሚጎዱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው። ከባክሃንድ ጥግ ወደ ፎርሃንድ ጥግ በአንድ እርምጃ የሚያደርሱት፣ ሲደናቀፉም ሳይወድቁ እግርን ቀድመው የሚያስቀምጡት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ የኛ አገር የስፖርት ባህል ትንሽ ያሳስተናል። ስፖርት ሲባል ሩጫ የሚታየን ሕዝብ ነን። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደን ማራቶንን በ41 ዓመቱ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ፣ ዕድሜ እንዲህ ሊሸነፍ ይችላል አልን። ትክክል ነው፤ ግን ያ የትንፋሽ ጽናት ነው። ከቦሌ ወደ መገናኛ በተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ማለዳ ማለዳ የሚራመዱ አዛውንቶችም ለልባቸው መልካም እያደረጉ ነው። በዝግታ መራመድ ግን ፈጣኖቹን ክሮች አይቀሰቅስም። ለነሱ የሚከብድ ነገር ያስፈልጋቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ ጥቂት የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎች ለ8 ሳምንት በከባድ ክብደት እግራቸውን ሲያሠሩ ጉልበታቸው በአማካይ 174 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል። የጂም ሰዎች ይህን ቁጥር ይወዱታል። ሲጠቅሱት ግን ሰዎቹ እጅግ ከደከመ ሰውነት መነሳታቸውን መጨመር አለባቸው፤ በሳምንት አራት ቀን ጠረጴዛ ዙሪያ የሚዘዋወር ሰው ያን ያህል አያገኝም። ከቁጥሩ የሚተርፈው ቁም ነገር ሌላ ነው፦ ጡንቻ በዘጠና ዓመትም ይማራል፣ የሚማረውም በእውነተኛ ክብደት ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱን ያክላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ ቀላሏን ኳስ እምብዛም አይዛትም። ፈጥና ትደርሳለች፤ ቶፕስፒን የተመታችውም እንደ ቆላው ቶሎ አትጎብጥም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ ሻምፒዮና እዚሁ ከተማ ሲካሄድ ከባሕር ዳርቻ አገሮች ለመጣ ተጫዋች አንዱ የቤት ሥራ ይህ ነበር። ለሽማግሌው ደግሞ ከምላሽ ጊዜው ላይ የሚቀነስ ቅጽበት ነው። ዓይንንና ውሳኔን ብረት አያፈጥንም፤ የመጀመሪያዋን እርምጃ ግን ሊያፈጥን ይችላል።

እስካሁን የቆጠርነው ሁሉ ስለ ተጫዋቹ ነው። ክርክሩ የሚስተው እዚህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የስልሳ ዓመቱ ሰውዬ ከተጫዋችነቱ ይልቅ አሰልጣኝነቱ ያመዝናል። ግጥሚያ ቢያደርግ ቅዳሜ ነው። በሌሎቹ ቀናት ኳስ የሞላበትን ሳፋ አጠገቡ አድርጎ ለልጆች ይመግባል። ሲመግብ እግሩ አይንቀሳቀስም። ወገቡን ጎንበስ፣ ወደ አንድ ጎን ጠመም አድርጎ፣ በአንድ እጁ ብቻ በሰዓት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ኳሶችን ይልካል። ከዚያ ሲሚንቶ ወለል ላይ የተበተነውን ለመልቀም ልጆቹን ያግዛል። ማታ ደክሞት ቤቱ ይገባና ስፖርት ሠርቻለሁ ብሎ ያስባል፤ የሠሩት ግን ልጆቹ ናቸው፣ እሱ የተሸከመው ድካሙን ነው።

ስለዚህ «ጨዋታው ራሱ ይበቃል» የሚለው ለሚጫወት ሰው ግማሽ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሚያሰለጥን ሰው ግን አይሠራም። ለአሰልጣኙ ብረቱ ያስፈልገዋል እላለሁ፣ የሚያስፈልገው ግን ጂሙ መጀመሪያ የሚሰጠው ዓይነት አይደለም። ለእሱ የሚሆነው ስኳት፣ ከመሬት ክብደት ማንሳት፣ ወደ ደረት መሳብ፣ በእግር ጣት መቆምና በማይመታበት እጅ መሥራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ይላል፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴም 3 ቀን ይጨምራል። ሁለት ቀን ማለት ከጠረጴዛው የሚሰርቀው ጊዜ ብዙ አይደለም።

የጂም ክፍያ ከአሰልጣኝ ገቢ ጋር የማይመጣጠንበት ጊዜ ብዙ ነው። ውኃ በሚጠፋበት ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ግን ጀሪካን አያጣም፤ የሞላው ባለ 20 ሊትሩ 20 ኪሎ ነው፣ ሊፍት የሌለው ደረጃም አለ። መጀመሪያ ላይ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ወራት ሲያልፉ ጉድለቱ ይታያል፦ የጀሪካኑን ክብደት ከ20 ኪሎ በላይ ማሳደግ አይቻልም፣ ብረት ግን በኪሎ በኪሎ ይጨመራል። ጂሙ ከቤት በእርግጥ የሚበልጠው በዚህ ነው።

ሳይለካ የማይጀመረው ደም ግፊት ነው። ትንፋሽን አምቆ ከባድ ነገር መግፋት ግፊትን ለቅጽበት እጅግ ያሻቅበዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣት ስፖርተኞች ላይ በተደረገ ልኬት በእግር ሲገፉ በአማካይ 320 በ250 ደርሶ ነበር። ወጣት ደም ሥር ይችለው ይሆናል። ግፊቱን ሳያውቅ የሚኖር የስልሳ ዓመት ሰው ግን መጀመሪያ ይለካ፣ ከሐኪሙም ይነጋገር፤ ሲያነሳም ትንፋሹን ያውጣ።

ከዚያ ጾሙ ይመጣል። ለኦርቶዶክስ ምእመን የጾም ቀናት በዓመት 180 ያህል ናቸው። ያረጀ ጡንቻ ደግሞ ከወጣቱ የበለጠ ፕሮቲን ይጠይቃል፤ ባለሙያዎች ለጤናማ አዛውንት በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመክራሉ፣ ይህም ለ70 ኪሎ ሰው 70 ግራምና ከዚያ በላይ ነው። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር የሚሰጠው 9 ግራም ያህል ነው። በምስር ወጥ ብቻ እንደማይሞላ ሒሳቡ ያሳያል፤ ሽሮው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ለውዙ መደማመር አለባቸው። ጾሙ ብረትን ይከለክላል ማለት አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሥራውን በልቶ ወደ ማታ ያድርገው፣ በሁዳዴ ክብደቱን ይቀንስ እንጂ አያቋርጥ። ሳይሆንለት ቀርቶ 55ቱን ቀን ካቆመ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ በቀድሞው ኪሎ አይጀምር፤ ጡንቻው ቶሎ ቢመለስለትም ጅማቱ ዘግይቶ ነው የሚደርስበት።