ዳማከሴውን ይዘን አልጋውን ተውን

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የሚሳፈር ሰው ይህን ሳያይ አይውልም። ተሳፋሪው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ ከኋላ ወንበር ሁለት ሦስት ሰው ያስላል፣ መስኮቱ ግን ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ትንሽ ከፈት ላድርገው የሚል ሰው ከተገኘ «ኧረ ብርዱ!» ተብሎ ይመለሳል። ከሚያስሉት መካከል ዝንጅብል በማር ጠጥተው የወጡ አይታጡም። ነጭ ሽንኩርት አኝከው የመጡት በጠረናቸው ይታወቃሉ። መድኃኒቱን ማንም አልረሳውም፤ የተረሳው አብሮት ይታዘዝ የነበረው መተኛት ነው።

እኔ ባደግሁበት ቤት የጉንፋን ሕክምና ሥርዓት ነበረው። እናቴ ዳማከሴውን ከጓሮ ትቆርጥና በእጇ አሽታ ጭማቂውን በሲኒ ታንጠፈጥፈዋለች። በትኩስ ቡና እንጠጣዋለን። በቀረው ቅጠል ግንባራችንንና ደረታችንን ታሸናለች። ማታ ማታ ባሕር ዛፍ ይፈላና በነጠላ ተሸፍነን እንታጠናለን። ከዚህ በኋላ ያለው ትእዛዝ ከመድኃኒቱም ይጠብቅ ነበር። ጋቢ ተከናንቦ መተኛት፣ እስኪያልብ ድረስ አለመገላለጥ፣ ውጭ አለመውጣት። ዳማከሴ ጠጥቶ ፀሐይ ላይ የሚቆም ሰው ምች ይመታዋል ይባል ስለነበር ደፋሩ ልጅ እንኳ ከደጃፍ አያልፍም። አጥሚቱ አልጋው ድረስ ይመጣል። ስለ ትምህርት ቤት የሚያነሣ የለም።

እናቴ ስለ ቫይረስ የሰማችው ነገር አልነበረም። ሆኖም ታማሚውን ሰው ከመሃል አውጥታ ታስተኛዋለች፣ ትኩስ ፈሳሽ ታጠጣዋለች፣ ሌላውን ለራሱ ለሰውነቱ ትተዋለች። ዛሬም የትኛውም ጥሩ ሐኪም ከዚህ የተለየ ነገር አይነግረንም። ጉንፋን የሚያስይዙት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው፤ ተራ ጉንፋንን የሚፈውስ መድኃኒት በሀብታሙም በድሃውም አገር ፋርማሲ የለም። ሕመሙ በአብዛኛው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል። ሳሉ እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ንፍጡ አረንጓዴ ሆነ ማለትም የግድ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል ማለት አይደለም።

ስለዚህ የቤት መድኃኒትን ልንጠይቀው የሚገባው «ታማሚውን ያሳርፈዋል ወይ?» ብለን ነው። ማር ይህን ጥያቄ በሚገባ ይመልሳል። የሕፃናትን የሌሊት ሳል እንደሚያቀልል በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል፣ የእንግሊዝ የጤና መመሪያም ለሳል ከአንቲባዮቲክ በፊት ማር እንዲሞከር ይመክራል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ጨርሶ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ለሕይወት የሚያሰጋ መመረዝ ሊያስከትልበት ይችላልና። የዳማከሴ ቅጠል በላብራቶሪ አይጦች ላይ ተሞክሮ ትኩሳትና ሕመም ሲቀንስ ታይቷል። በሰው ላይ የተሠራው ጥናት ገና ጥቂት ቢሆንም እናቶቻችን ያለ ምክንያት እንዳልያዙት ያሳያል። ዝንጅብል፣ ጦስኝ፣ ሎሚ በሙቅ ውሃ ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፣ ፈሳሽም ያስወስዳሉ። ጤና አዳም ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴት ለመድኃኒት ብላ መጠጣት የለባትም፣ ማሕፀንን ሊያነሣሣ ይችላል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ያቃጥላል።

መታጠን ለጊዜው አፍንጫን ይከፍታል፣ ደስም ይላል። ጉንፋኑን ግን አያሳጥረውም። በተለይ ልጆችን የፈላ ድስት ላይ አጎንብሶ ማስታጠን ይቅር እላለሁ። ድስቱ ሲገለበጥ የሚደርሰው ቃጠሎ ዕድሜ ልክ የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል። ለታፈነ የሕፃን አፍንጫ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የተሟሟ ጥቂት ጨው፣ ጠብታ ጠብታ እያደረጉ መጨመር ይበቃዋል። ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ዘፍዝፈው የሚጠጡ ሰዎችንም ልለምናቸው፤ በላዩ ፓራሲታሞል ከተጨመረበት ጉበት ይጎዳል። አዋቂ ሰው በቀን ከ4 ግራም ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም፣ በጉንፋን ክኒኖች ውስጥም ይኸው ፓራሲታሞል ስለሚገኝ ሳያውቁት ይደራረባል። ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም።

ከባህል ሕክምናው ውስጥ ያለ ማመንታት የማወግዘው አንድ ነገር አለ። ጉሮሮውን ያመመውን ሕፃን «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ እንጥል ቆራጭ ዘንድ መውሰድ በአንዳንድ አካባቢ ዛሬም አልቀረም። ደም ይፈስሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ባልጸዳ ስለት ቴታነስና ሌላም ደዌ ይገባል። በራሱ ጊዜ ይሄድ ለነበረ ሕመም ልጅን ለሞት ማቅረብ ነው።

የኅዳር በሽታን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር ይህ የአልጋ ጉዳይ ይመጣብኛል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ላይ ከባድ ጉዳት አደረሰ። በከተማዋ ብቻ የሞተው ሰው ወደ 10 ሺህ ይጠጋ እንደነበር ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም በጽኑ ታመው ተርፈዋል። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ በተኛበት ቤት ውሃ የሚያቀብል እንኳ ታጣ። ከዚያ መከራ ጋር አያይዘን እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰብን እናቃጥላለን፣ «ኅዳር ሲታጠን» እያልን። ሰፈር ማጽዳቱ መልካም ነው። ፕላስቲክና ጎማ ያለበት ጢስ ግን አስም ላለበት ጎረቤትና በጉንፋን ለሚያስል ሕፃን መርዝ ነው፣ እሱም ሳሉ በሚበረታበት ወር። በዚያ ዓመት ሰው ያተረፈው አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ውሃ የሚያጠጣ አስታማሚ እንደነበር ብናስታውስ፣ ቆሻሻውን ጠርገን በገንዳ አስወስደን ዕለቱን የታመመ ጎረቤት በማስታመም እናውለው ነበር።

አሁን ሰው ለምን አይተኛም? ስንፍናን ስለሚጠላ ብቻ እንዳይመስለን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ጽኑ ሕመም ለያዘው ሰው መልካም ሕግ ነው። ፈቃዱ የሚገኘው ግን የሕክምና ማስረጃ ሲቀርብ ነው። እንግዲህ ሦስት ቀን ቢተኛ የሚሻለው ሰው፣ እያተኮሰው ተነሥቶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ከሳንባ ታማሚና ከነፍሰ ጡር ጋር ተደርድሮ ግማሽ ቀን ወረቀት ሲጠብቅ ይውላል። ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ታካሚ ደግሞ «ሄደህ ተኛ» ሲባል የተናቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ከወረቀቱ ጋር አሞክሳሲሊን ይታዘዝለታል። ወረፋውን የሸሸው ደግሞ ያለ ማዘዣ ፋርማሲ ገብቶ ያንኑ ይገዛል፣ ትንሽ ሲሻለው የቀረውን ለሌላ ቀን ያስቀምጠዋል።

አሞክሳሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያን ነው። ቫይረስን አይነካውም። ያለ ቦታው በተዋጠ ቁጥር ሰውነታችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እየለመዱት ይሄዳሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። ለጉንፋን የዋጥነው ክኒን ነገ ልጃችን ሳንባ ምች ሲይዘው የምንሻው ያው መድኃኒት ነው። ያን ቀን እንቢ ቢለን ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

ሳንባ ምችን ካነሣሁ፣ ቤት ተኝቶ መዳን የሌለበትን ሕመም ለይቶ ማወቅ ከሁሉም ይቀድማል። ኢንፍሉዌንዛ እንደ ተራ ጉንፋን ቀስ ብሎ አይመጣም። በድንገት ያተኩሳል፣ አጥንት ይሰብራል፣ አልጋ ላይ ይጥላል። ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ፣ ሕፃን፣ አስም፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው እንዲህ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ። ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱን የሚወጋው፣ የሚቀባዥር፣ ወይም ተሽሎት ትኩሳቱ የተመለሰበት ሰውም እንዲሁ። ለሕፃን ደግሞ ማንኛዋም እናት የምትችለው መለኪያ አለ። ልጁ ሳያለቅስ ልብሱን ገለጥ አድርጎ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን መቁጠር። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ጡት ከተወ፣ ዳማከሴም ማርም አይጠበቅም። በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዚሁ ቆጠራ ሳንባ ምችን ለይተው በጤና ኬላ ያክማሉ። አሞክሳሲሊን እዚያ ቦታው ነው።

ለሌላው ታማሚ ግን የሦስት ቀን ዕረፍት እንስጠው። የኢንፍሉዌንዛ ታማሚ በሽታውን በብዛት የሚያስተላልፈው በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ነው። አሠሪዎች ለእነዚህ ቀናት የሠራተኛውን ቃል ብቻ ተቀብለው ያለ ወረቀት ፈቃድ ቢሰጡ አዋጁ አይከለክላቸውም፣ አዋጁ የሚወስነው ዝቅተኛውን መብት ነውና። የሚያታልል አይጠፋም ይሉኛል። ይኖራል። በአንድ የሚያስል ሠራተኛ ምክንያት ቢሮው በሙሉ በየተራ ሲታመም የሚባክነው የሥራ ቀን ግን ከዚያ ይበልጣል። የቀን ሠራተኛው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ያልዋለበት ቀን አይከፈለውም፣ ስለዚህ በትኩሳት ላይ ሆኖ ሲሚንቶ ይሸከማል። ለእርሱ የሚሆን መላ ከመንግሥትና ከኮንትራክተሮች መምጣት አለበት።

ዛሬ ማታ እኛው ልንፈጽመው የምንችለው ደግሞ አለ። በብዙ ቤት ዝንጅብሉን የምትቀጠቅጠው፣ አጥሚቱን የምታማስለው የቤት ሠራተኛዋ ናት። እርሷ ስትታመም የሚያስተኛት የለም። በሰው ቤት ለግል አገልግሎት የተቀጠረች ሴት አዋጅ 1156 ስለማይሸፍናት ፈቃዷ በእኛ እጅ ነው። ደመወዟ ሳይነካ ሦስት ቀን ትተኛ። ክፍሏ መስኮት ካለው በቀን ይከፈት፣ ብርድ ልብስ ይጨመርላት፣ ፈሳሽ በየሰዓቱ ይቅረብላት። ወጡን በእነዚያ ቀናት እኛ እንሥራ፣ ሕፃኑንም እኛው እንዘል።