የማኅበሩ ገንዘብ ለፕላስቲክ የኬክ ጌጥ አይውጣ



ማኅበሩ ለሠርግና ለልደት የሚሆን የኬክ ማስጌጫ የፕላስቲክ ዕቃ ከነካርቶኑ ገዝቶ፣ እንደ ድንኳኑና እንደ ወንበሩ እያከራየ ገቢ ያግኝበት የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ አባሎች ቀርቧል። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ስለ ተያዘ፣ በጽሕፈት ቤቱ ያለነው የምናስበውን አስቀድመን በዚህ ሰሌዳ ላይ ማስፈር አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል። ሐሳቡን አንደግፍም። ምክንያታችንን ግን ማስረዳት ይገባናል።

ዕቃውን ያላየ ካለ እንዲህ ያለ ነው፦ ሦስት ክብ ሰሃኖች፣ ሰሃኖቹን የሚሸከሙ ነጭ ምሰሶዎች፣ ክሬሙ ላይ የሚሰኩ አበቦችና እርግቦች፣ ከላይ ደግሞ ሙሽራና ሙሽሪት። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ልብ ይሰርቃል። ሥዕሉ የተነሣው ግን ባሕር ዳር አይደለም።

ሠርጋችን የሚበዛው መቼ ነው? በጥር፣ ከዚያም ሁዳዴ ተፈትቶ በሚያዝያና በግንቦት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ የከተማችን ሙቀት የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ ቀን ቀን ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፣ ድንኳን ውስጥ ሰው ሲሞላበትማ አይጠየቅም። በቅቤ የተመታ ክሬም በዚህ ሙቀት ይላላል። ክሬሙ ሲላላ የተሰካበት ጌጥ ሁሉ ይንጋደዳል። ምሰሶውም የራሱ ጣጣ አለው። የላይኛው ፎቅ ክብደት በምሰሶው በኩል እስከ ታችኛው ሰሃን መውረድ ሲገባው፣ የርካሹ ዕቃ ምሰሶ አጭር ስለሆነ የሚቆመው ኬኩ ላይ ነው። ኬክ ደግሞ እንደ ድፎ ዳቦ አይደለም፣ ይሰምጣል። አንድ እግር ከሰመጠ ፎቁ በሙሉ ያዘነብላል። በሰፈራችን በተደረገ አንድ ሠርግ ላይ ሁለት ሚዜዎች ሙሽሮቹ ቆርሰው እስኪጨርሱ ድረስ የላይኛውን ፎቅ በእጃቸው ደግፈው ቆመዋል። ፎቶግራፉ ላይም እንደዚያው አሉ። ባለቤቶቹ እንዳይከፋቸው ስም አንጠራም።

የመጠኑም ነገር አለ። ሰሃኖቹ የተሠሩት በውጭ አገር መጋገሪያ ልክ ነው። የእኛ ጋጋሪዎች ደግሞ የሚጋግሩት ቤት ባለው ድስትና ትሪ ነው፤ ኬኩ ከሰሃኑ ሲተርፍ ይከረከማል፣ የተከረከመው ይባክናል። አብሮ የሚመጣውም የአሠራር ወረቀት ቢሆን ለቆላ አገር፣ ለባሕር ጠረፍ የሚሆን ነው። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፣ ውሃ እንኳ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ግድም ነው። አየሩ ስለሚሳሳ፣ በወረቀቱ ልክ ቤኪንግ ፓውደር የጨመረ ሰው ኬኩ ቶሎ ተነፍቶ መሀሉ ይሰረጉድበታል። ልምድ ያላቸው እኅቶቻችን ግን ሳይለኩ ቀነስ ያደርጉታል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚቆጨን የጽሑፉ ነገር ነው። በካርቶኑ የሚመጣው «ሀፒ በርዝደይ» የሚል የፈረንጅ ፊደል ነው። ፊደላችን 33 ሆኖ እያንዳንዱ 7 መልክ ስላለው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር 231 ይሆናል። ለዚህ ሁሉ ማን የፕላስቲክ ቅርጽ ያወጣል? ስለዚህ ገና ሀሁ ያልቆጠረ ልጅ በማያነበው በማናነበው ፊደል እንኳን ተወለድክ ይባላል። ሙሽሮቹም ጸጉራቸው ብጫ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ ነው። አንዳንድ ቤት እኛን እንዲመስሉ ቀለም ይቀቧቸዋል፤ ቀለሙ ክሬሙ ላይ ይወርዳል፣ እሱን ነው እንግዲህ የምንበላው!

ወረቀት ጠቅልላ፣ ጫፉን ቆርጣ፣ ክሬም ሞልታ የምትጽፍ ሴት ግን 231ዱንም ትጽፋለች። የሙሽሮቹንም ስም ትጽፋለች። የመሶብ ስፌት ጥለት አይተው በክሬም የሚያወርዱ እኅቶች በሰፈራችን አሉ፤ በዚህ ሥራ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉም አሉባቸው። ማኅበሩ ዕቃውን ማከራየት ከጀመረ ለእነሱ የሚቀረው መጋገሩ ብቻ ነው፣ የእጅ ዋጋቸውም ይወርዳል። እነሱም እኮ በየወሩ መዋጮ የሚከፍሉ አባሎች ናቸው። በራሳቸው ገንዘብ እንጀራቸውን እንቀማቸው ወይ?

«ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል» ለሚሉን ወገኖች፤ ሐሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን የአበባው መሰኪያ ቀጭን ስለሆነ ሲነቀል ይሰበራል፣ ቅባቱ ከየስርጉዱ አይለቅም፣ አንድ እግር የጠፋበት ዕቃ ደግሞ ለማንም አይከራይም። እርግቧን ሕፃን ወደ አፉ ቢወስዳት ጉሮሮው ላይ ልትቀር ትችላለች። የተሰበረው ቦይ ውስጥ ይጣላል፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ወደ ጣና ይወስደዋል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ የሚናገረው ስለ ፌስታል ነው፣ የኬክ ጌጥ አልተከለከለም፤ ይህን በግልጽ እንናገራለን። ሆኖም ሐይቃችን በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እምቦጩ ያደከመው ሳያንስ የእኛ ሠርግ ትርፍራፊ ሊጨመርበት አይገባም።

በግሉ ገዝቶ የሚጠቀምን ሰው አንከለክልም፤ ቤቱ ነው፣ ሠርጉ ነው። የማኅበሩን ገንዘብ በተመለከተ ግን ሌላ ሐሳብ እናቀርባለን። በከተማችን ብረት ሠሪ ልካቸው የታወቀ ሦስት መጋገሪያዎች ይሠሩ። አናጢ ደግሞ ባለ ሦስት ደረጃ የእንጨት መቆሚያ ይሥራ፤ እያንዳንዱ ኬክ በራሱ ደረጃ ላይ ስለሚቀመጥ አንዱ ሌላውን አይጫንም። ክሬም የሚወጣባቸው ጥቂት የብረት አፍንጫዎች ይገዙ፣ እነሱ ቢፈላ ውሃ ቢታጠቡም ምንም አይሆኑም። ለጌጡ በስኳር የተቀቀለ የዘጌ ሎሚ ልጣጭ፣ ማንጎ፣ የተቆላ ለውዝና ሰሊጥ አለልን። ገንዘብ ከተረፈ የድንኳኑ ስፌት ይጠገን፤ በዝናብ ስንት ጊዜ እንደ ከዳን ታውቃላችሁ።

የሁለቱም ሐሳብ ወጪ ከሠሪና ከነጋዴ ተጠይቆ ለስብሰባው ይቀርባል። ከዚያ በፊት አስተያየት ያለው አባል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ብቅ ቢል በመዝገብ እንይዝለታለን። ጋጋሪ እኅቶች በተለይ እንዳይቀሩ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት