የባቡር ካርታ የሚናገረውና የማይናገረው

በባቡር ለመጓዝ የሚያስብ ሰው ሁሉ የሐዲዱን ካርታ አስቀድሞ አሳትሞ በእጁ ቢይዝ እጅግ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ካርታው የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልገዋል።

ለዚህም የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ ምስክር ነው። ይህንን ካርታ ሃሪ ቤክ የሚባል የኤሌክትሪክ ንድፍ ሠሪ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. ነደፈው፤ በ1933 ዓ.ም. ታትሞ ለሕዝብ ታደለ። ቤክ የምድሩን ርቀት ትቶ የጣቢያዎቹን ተራና ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚዛወሩበትን ስፍራ አጥርቶ አሳየ።

ስለዚህ በካርታው ላይ በዓይን የሚታየው ርቀት አይታመንም። ከሌስተር ስኩዌር እስከ ኮቨንት ጋርደን 260 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከቻልፎንት እስከ ቼሻም ግን ከ6 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህን ያላወቀ እንግዳ በእግሩ ለሚደርስበት ስፍራ የባቡር ዋጋ ይከፍላል፤ ሩቁም ቅርብ መስሎት ቀጠሮው ያልፍበታል።

እንግዲህ ብልኅ መንገደኛ መሳፈሪያውን፣ መዛወሪያውንና መውረጃውን ከካርታው ይያዝ፤ ሰዓቱን ግን ከባቡሩ የጊዜ ሰሌዳ ይጠይቅ። ለመንግሥት ጉዳይ የተላከ ሰው ዘግይቶ ቢደርስ ካርታው አሳሳተኝ ማለት ምክንያት አይሆነውም፤ ካርታው ያልተናገረውን ያናገረው እርሱ ራሱ ነውና።