የተኛው ካሜራ አዲሱን ይግዛ?

ዛሬ የምናወጋው በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ላይ፣ አልጋ ሥር ወይም በብፌው የታችኛው መሳቢያ ተጠቅልሎ ስለተቀመጠ ዕቃ ነው፤ ስለ ካሜራ። ካሜራ ብቻውን አይኖርም። ሌንሱ፣ ፍላሹ፣ ትራይፖዱ፣ ቻርጀሩና ቦርሳው ይከተሉታል። በተለይ ከቤተሰቡ አንዱ በሠርግና በምርቃት ፎቶ የሚተዳደር ከሆነ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መደርደሪያው ይሞላል። ከዚያ አንድ ቀን ልጅ ይመጣና «አዲስ ካሜራ ያስፈልገኛል፤ ይኼን ሁሉ ሸጠን እንግዛ» ይላል። አባት ደግሞ «የትኛውን ነው የምትሸጠው?» ብሎ ይነሳል።

የማውቀው አንድ ቤተሰብ በዚህ ጉዳይ ሁለት ወር ሙሉ ተኳርፏል። አባት በፎቶ ቤት ሥራ ሦስት ልጆች አሳድገዋል። የመጨረሻው ልጅ ሙያውን ወርሶ ሠርግ ያነሳል። ችግሩ የዛሬ ሙሽሮች ከፎቶው እኩል ጥራት ያለው ቪዲዮ ይፈልጋሉ፤ የአባት ካሜራዎች ደግሞ ለዚያ አልተሠሩም። ስለዚህ ልጁ በየሠርጉ ካሜራ ይከራያል። ኪራዩ ከፍሎ፣ ረዳቱን ከፍሎ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ ሲያበቃ እጁ ላይ የሚቀረው ለድካሙ አይበቃም። ሊያገባ ያሰበው ልጅ የሰው ሠርግ እያነሳ የራሱን ያራዝማል።

አባት በበኩላቸው፣ «አንተን ዩኒቨርሲቲ ያስገቡህ እነዚህ ካሜራዎች ናቸው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ልጁም፣ «አባዬ፣ እነሱ ተኝተው እኔ የሰው ዕቃ እየተከራየሁ ነው» ይላል። እሱም እውነቱን ነው። ሁለቱም እውነት ስለያዙ አንዱም አላሸነፈም። ነገሩን የፈታችው እናት ናት። «መጀመሪያ ሁሉንም አውጡና ጠረጴዛ ላይ ደርድሩት። ያላያችሁትን ዕቃ ነው እኮ የምትጣሉበት» አለች።

ተደረደረ። አራት ካሜራ፣ ሰባት ሌንስ፣ ሦስት ፍላሽ። ከፍላሾቹ አንዱ ውስጥ ተረስቶ የቀረው ባትሪ ፈስሶ የውስጥ ብረቱን በልቶታል። ሁለቱ ሌንሶች በክረምቱ እርጥበት ሻግተዋል፤ በስልክ መብራት ሲታዩ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር መስተዋቱ ላይ ተዘርግቷል። አባት ያንን ሌንስ ይዘው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እሳቸው «አስቀምጬዋለሁ» ሲሉ፣ ዕቃው ጨለማ ውስጥ ሆኖ እየሞተ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሸጠውን መርጠው ያወጡት ልጁ ሳይሆን አባት ራሳቸው ናቸው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ካሜራም እንዲሁ ነው። እናንተ ዘንድ የተኛው ሌንስ ለአንድ ጀማሪ ወጣት የመጀመሪያ እንጀራው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለመሸጥ ከመነሳት በፊት ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ሊነጋገርባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ ትርፍ የምንለው የትኛውን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው። ጥሩው መለኪያ ዓመቱን ማየት ነው። የጥር ሠርግ አለፈ፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሠርግ አለፈ፣ የተማሪዎች ምርቃት አለፈ፤ በዚህ ሁሉ መሀል ከቦርሳው ያልወጣ ዕቃ ትርፍ ነው። አንድ ነገር ግን አትርሱ። በሙያው የሚተዳደር ሰው ሁለተኛ ካሜራ ያስፈልገዋል። ሙሽራዋ ቀለበት ስታደርግ ካሜራው ቢቆም «ቆይ፣ ድገሙት» አይባልም። ስለዚህ ሥራ የሚችል አንድ መጠባበቂያ ይቅር፤ ሦስተኛውና አራተኛው ይሂዱ።

ሁለተኛው፣ ሌንስ ከመሸጣችሁ በፊት የሚገዛው ካሜራ ምን እንደሆነ ይታወቅ። ሌንስ ከካሜራው ጋር የሚገጥምበት አፍ፣ ባለሙያዎች ማውንት የሚሉት፣ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ካኖን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ኢኤፍ በሚባለው ማውንት ሲሠራ ቆይቶ በ2018 አርኤፍ የሚባለውን አመጣ። ኒኮንም ከ1959 ጀምሮ ከነበረው ኤፍ ማውንት ጎን በ2018 ዜድን አወጣ። ይህ ማለት ግን የድሮው ሌንስ ይጣል ማለት አይደለም። የካኖን ኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር አማካይነት በአዲሶቹ አርኤፍ ካሜራዎች ላይ በደንብ ይሠራል፤ ራሱ ፎከስ ማድረጉንም አይተውም። በኒኮን በኩል ጥንቃቄ ያሻል። ፎከስ የሚያደርገው ሞተር ሌንሱ ውስጥ ከሌለ፣ በኒኮን መደበኛ አዳፕተር አዲሱ ካሜራ ላይ በእጅ ፎከስ ማድረግ ግድ ይሆናል። እንግዲህ አንድ አዳፕተር በመግዛት ሦስት ሌንስ ከመሸጥና ሦስት ከመግዛት መዳን ይቻል ይሆናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ «በገዛሁበት ከሸጥኩ አልከሰርኩም» ይላል። አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። ካሜራ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። 1,000 ዶላር የሚያወጣ ካሜራ በ57 ብር ስሌት 57,000 ብር ነበር፤ ዶላሩ 120 ብር ሲሆን፣ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመር፣ 120,000 ብር ነው። ስለዚህ ያገለገለ ካሜራችሁን ከዓመታት በፊት በከፈላችሁት ብር ብትሸጡት፣ ቁጥሩ እኩል ቢሆንም ዕቃው ግን ግማሽ ሆኗል። ብርን ከብር ጋር አታወዳድሩ፤ ዕቃን ከዕቃ ጋር አወዳድሩ። «ይኼን ብሸጥ ከአዲሱ ምን ያህሉን ይሸፍንልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ተመሳሳዩ ያገለገለ ዕቃ በዚህ ሳምንት ስንት እንደሚሸጥ ቢያንስ ሦስት ቦታ ጠይቃችሁ መሀሉን ያዙ።

የዋጋ ሌላው ጎን ካሜራው ምን ያህል እንደሠራ ነው። መኪና ሲሸጥ ኪሎ ሜትሩ እንደሚታይ ሁሉ፣ ካሜራም ሻተር ካውንት የሚባል ቆጠራ አለው፤ ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ይናገራል። ለምሳሌ በሠርግ አንሺዎች እጅ ብዙ የታየው ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ስሪ ሻተሩ እስከ 150,000 ጊዜ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። በአንድ ሠርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሳ ሰው በ75 ሠርግ እዚያ ይደርሳል። ቁጥሩ ሲሞላ ካሜራው ያን ቀን ይቆማል ማለት አይደለም፤ ከዚያ በላይ ብዙ የሠራ አለ። ሆኖም የሚገዛው ሰው የማወቅ መብት አለው። ቁጥሩን፣ የሻገተውን ሌንስ፣ የተጫረውን መስተዋት በግልጽ ተናገሩ። ነገ ያው ገዢ ከልጃችሁ ጋር አንድ ሠርግ ላይ ሊገናኝ ይችላል፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ስም ቶሎ ይሰማል።

ጊዜም ዋጋ አለው። ለሥራ የሚገዛ ሰው ካሜራ የሚፈልገው ከሠርግ ወር በፊት ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ የቀረበ ካሜራና በዐቢይ ጾም መሀል የቀረበ ካሜራ እኩል ፈላጊ አይኖራቸውም። መሸጫችሁን ወደ ጥር ዋዜማ፣ መግዣችሁን ገበያው ወደሚቀዘቅዝበት ማድረግ ከቻላችሁ መልካም ነው። ልጁ በመሀል ያለ ካሜራ እንዳይቀር ግን መጠባበቂያው ይኑር።

አራተኛው ጉዳይ ከገንዘብ ይበልጣል፤ የቤተሰብ ገመና ነው። ሜሞሪ ካርድ ከካሜራ ጋር አብሮ አይሸጥም። «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ማለት አይበቃም፤ ፎርማት የተደረገ ካርድ ላይ የነበረን ፎቶ በቀላል ፕሮግራም መልሶ ማውጣት ይቻላል። የልጆች ገላ መታጠብ፣ የእናት ሐኪም ቤት መተኛት፣ የደንበኛ ሠርግ ሁሉ እዚያ ነበር። የካርድ ዋጋ ለዚህ አይበቃም፤ አስቀሩት። ካሜራውም ውስጥ የባለቤቱ ስምና የዋይፋይ የይለፍ ቃል ሊኖር ስለሚችል ከመሸጡ በፊት ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው መነሻ ይመለስ።

የፊልም ካሜራ ከሆነ ደግሞ ጀርባውን ቀን በብርሃን ከመክፈታችሁ በፊት ውስጡ ፊልም እንዳለ አረጋግጡ። የፊልም መመለሻዋን ቁልፍ በቀስታ ስታዞሩ ከበደ የሚል ነገር ካለ ፊልም አለ ማለት ነው። ያልታጠበ ፊልም ላይ ማን እንዳለ አይታወቅም፤ ምናልባት ዛሬ በሕይወት የሌለ ሰው ሊኖር ይችላል።

አምስተኛው ርክክቡ ነው። ገዢውን ቤት አትጥሩ፤ ሰው በሚበዛበት ካፌ ተገናኙ፤ ወጣቱ ብቻውን አይሂድ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ፣ ገዢው የሚያሳያችሁን የስልክ ምስል አትመኑ፤ የሚደርሳችሁን የጽሑፍ መልእክትም ቢሆን በችኮላ አትመኑ። ራሳችሁ በ*127# ወይም በባንካችሁ መተግበሪያ ገብታችሁ ሒሳባችሁ ላይ ሲታይ ብቻ ዕቃውን ስጡ። በካሜራው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር፣ ዋጋውንና ቀኑን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ነገ ዕቃው አንድ ጥፋት ላይ ቢገኝ ከእጃችሁ መውጣቱን የሚመሰክርላችሁ ያ ወረቀት ነው። ስትገዙም ይኸው ወረቀት ይኑር፤ የተሰረቀ ካሜራ በርካሽ መግዛት ውድ ነው። ደላላ ካለበት ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ስድስተኛው፣ የተገኘው ብር ለብቻው ይቀመጥ። ካሜራ ተሽጦ ግማሹ ለቤት ኪራይ፣ ግማሹ ለለቅሶ መዋጮ ከሄደ በኋላ «አዲሱስ?» ሲባል፣ ከሁለት ያጣ መሆን ነው። ለቤት ችግር የሚሸጥ ከሆነ ለቤት ችግር ነው ተብሎ ይሸጥ፤ ነውር የለበትም። ለአዲስ ካሜራ ከተባለ ግን እስኪገዛ ድረስ አይነካ። ካሜራው የአባት ከነበረም ልጁ ድርሻውን ይወቅ። ያ የነገርኳችሁ ቤተሰብ በዚህ ተስማምቷል፦ የሽያጩ ብር አባት ለልጁ ያዋሉት መዋጮ ተብሎ ተጻፈ፤ ልጁም ለኪራይ ያወጣው ከነበረው ላይ በየሠርጉ ለአባቱ የሚያስገባው ተወሰነ። ብሩ ትልቅ አይደለም። ግን አባት ከሥራው አልወጡም፤ አሁንም ባለድርሻ ናቸው።

በመጨረሻም ለአያቶች አንድ ነገር። በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ተምራችሁ ስትመለሱ ዜኒት ካሜራ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ «ይኼ አሮጌ ብረት» ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። ብዙዎቹ ዜኒቶች ላይ የተገጠመው ሄሊዮስ 44 የሚባለው 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ከሰዉ ጀርባ ያለውን ቅጠልና ብርሃን ክብ እየሠራ ስለሚያደበዝዝ፣ ዛሬ ወጣት አንሺዎች ፈልገው የሚገዙት ነው። በአነስተኛ አዳፕተር አዲሱ ካሜራ ላይ ይገጥማል፤ ፎከሱ በእጅ ነው። ልጁ አዲስ የቁም ፎቶ ሌንስ ከመግዛቱ በፊት የአያቱን ይሞክር። የልጅ ልጅ ሠርግ በአያት ሌንስ ቢነሳ፣ ለገበያ የማይወጣ ዋጋ አለው።

ካሜራ መሣሪያ ነው፤ ሲሠራበት ይከበራል፣ ሲተኛ ይሻግታል። ፎቶው ግን ቅርስ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ሽጡ፤ ኔጋቲቩን፣ አልበሙንና ያልታጠበውን ፊልም አትሽጡ፣ አትጣሉም። በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጧቸው፤ ከጀርባቸው ማን ከማን ጋር፣ የትና መቼ እንደተነሳ በእርሳስ ጻፉባቸው። ስሙን የሚያውቀው ሰው እያለ ነው መጻፍ የሚቻለው። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቁም ሣጥኑን ከፈት አድርጉት። ቸር ሰንብቱ።