የተለጠፈውን ጎማ ማን አየልን?

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚጓዝ የጭነት መኪና ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ሲይዝ፣ አዲስ አበባ የተቀመጠው ባለንብረት የሚጨነቀው ስለ ፍሬን ነው። ስለ ማጣበቂያ የሚያስብ ጥቂት ነው። የጋለ ፍሬን ግን ሙቀቱን ለቸርኬው፣ ቸርኬውም ለጎማው ያስተላልፋል። ጎማው የታደሰ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ጥርስ ከአሮጌው ገላ ጋር የተያያዘው በማጣበቂያ ብቻ ነው፤ ስፌት የለው፣ ብሎን የለው።

ጎማ ማሳደስ ነውር አይደለም። የአውሮፕላን ጎማ ሳይቀር ይታደሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲሻገር ላየ ነጋዴ፣ አሮጌውን ማሳደስ ቀላል ሒሳብ ነው። ችግሩ ገዢው የሚገዛውን አለማየቱ ነው።

ጀበና የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ ያዳምጣል፤ ድምፁ ከደነዘዘ ይመልሰዋል። ጎሚስታውም ጎማውን በመዶሻ መትቶ ያዳምጣል። ይህ ለትልቅ ክፍተት ይበቃ ይሆናል፤ ለትንሿ ግን ጆሮ አይበቃም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ጎማ አዳሾች የሚጠቀሙበት የሌዘር ምርመራ አለ፤ ሺሮግራፊ ይባላል (ከሽሮ ጋር ዝምድና የለውም)። ጎማው በዝግ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሌዘር ብርሃን ይበተንበትና ፎቶ ይነሣል። ከዚያ የክፍሉ አየር በጥቂቱ ይመጠጣል። ማጣበቂያው ባልያዘበት ቦታ የታፈነው አየር ጎማውን ያሳብጠዋል፤ እብጠቱ የሚሊ ሜትር ሺኛ እጅ ቢሆን ነው። ሁለተኛው ፎቶ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ጉድለቱ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ጎልቶ ይወጣል። ጎማው አልተቆረጠም፣ አልተበሳም።

ሌዘሩ ሁሉን ያያል ማለት አይደለም። የለቀቀውን ያሳያል እንጂ የያዘው ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘ አይለካም። ተነካክቶ ብቻ የተቀመጠ ደካማ ልጥፍ ሊያመልጠው ይችላል።

አለማየት ምን እንደሚያስከፍል አቪዬሽን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 በሃዋይ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በበረራ ላይ ሳለ ጣሪያው ተገንጥሎ አንዲት አስተናጋጅ ሞተች። መርማሪዎቹ የአየር መንገዱ ጥገና የመጋጠሚያዎቹን ማጣበቂያ መልቀቅና የብረቱን ድካም ሳያይ ማለፉን ጽፈዋል።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ገዢ መልካሙን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው ዋጋ መካከለኛ ነው፤ ስለዚህ መልካም ዕቃ ያለው ሻጭ ከገበያው ይወጣል። የታደሰ ጎማ ገበያችን መድኃኒቱ ይኸው ምርመራ ይመስለኛል። ማሽኑን አንድ ባለመኪና ብቻውን አይገዛውም፤ የባለንብረቶች ማኅበራት ግን በጋራ ደብረ ብርሃን ላይ ቢተክሉት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መርማሪው አዳሹ ራሱ መሆን የለበትም። ውጤቱ ከጎማው ቁጥር ጋር በወረቀት ይሰጥ፤ መድን ድርጅቶችም ወረቀቱን አይተው አረቦን ይቀንሱ።

አንድ ነገር ግን ከማሽኑ በፊት ይወሰን፤ በምርመራ የወደቀው ጎማ የት ይሄዳል? ጎኑ እዚያው ካልተቆረጠ፣ ረክሶ ተሽጦ በሚቀጥለው ሳምንት በአንኮበር መንገድ ላይ ሰው በጫነ አይሱዙ ሥር እናገኘዋለን።