የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች

እስቲ ልብ በሉ። በዚህች አገር "ክትባት ውሰዱ" እያለ ሌት ተቀን የሚመክረን ማነው? ነርሷ ናት፣ ሀኪሙ ነው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛዋ ናት። የወለደች እናት የክትባት ቀጠሮ ካሳለፈች ቁጣው ለብቻው ነው። መልካም፤ የሚቆጡት ለልጁ ብለው ነው። ዛሬ ግን ጥያቄውን ገልብጠን እኛ ልንጠይቅ ነው፤ "ሲስተር፣ ለመሆኑ አንቺስ ተከትበሻል?"

የምንጠይቀው ስለ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ሰፈር ውስጥ "የወፍ በሽታ" ከሚባለው ጋር እየተምታታ የሚወራ፣ ጉበት ውስጥ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጦ ኋላ የጉበት ካንሰር ሆኖ ብቅ ሊል የሚችል ቫይረስ ነው። በኢትዮጵያ የተሰሩ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ከ100 ሰው 7 ያህሉ ቫይረሱን ተሸክሞ እንደሚኖር አስቀምጧል። አብዛኛው ተሸካሚ ደግሞ መሸከሙን አያውቅም። እንግዲህ አንዲት ነርስ በአንድ የተረኝነት ቀን የስንት ሰው ደም ስር እንደምትፈልግ ገምቱና ሂሳቡን ራሳችሁ ስሩት።

ሁላችንም ኤችአይቪን ስንፈራ ነው ያደግነው። የጤና ባለሙያውም እንደዚያው። ኤችአይቪ ያለበትን ሰው የወጋ መርፌ መልሶ ባለሙያውን ቢወጋው የመያዝ ዕድሉ ከ1000 3 ገደማ ነው። ደሙ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሲሆንና ባለሙያው ሳይከተብ ሲቀርስ? ከ100 ከ6 እስከ 30! ቫይረሱ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀናት በህይወት ይቆያል። ስለዚህ ነገሩ የሀኪምና የነርስ ብቻ አይደለም። ቆሻሻ የምታወጣው የፅዳት ሰራተኛ፣ አንሶላ የምታጥበዋ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና የሚቀበለው ልጅ፣ ሁሉም እዚሁ መስመር ውስጥ ናቸው።

የሚያንገበግበን ግን ሌላ ነው። ኤችአይቪ ክትባት የለውም፤ ይሄኛው አለው! ቫይረሱን ለማግኘት በር የከፈተው ባሩክ ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ክትባቱ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው በ1981 ነው። ሶስት ዶዝ፣ በስድስት ወር ውስጥ። ጤነኛ ከሆኑ አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ይከላከላል። ከ40 ዓመት በላይ የተፈተነ ነገር ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2018 በአፍሪካ ያሉ ጥናቶችን የደመረ አንድ ስራ እንዳሳየው ሶስቱንም ዶዝ የጨረሰው የጤና ሰራተኛ ከአራት አንዱ ብቻ ነው። የአገራችን ጥናቶችም ከዚህ የተሻለ ዜና አልያዙም።

ለምን? ሰበቡ ብዙ ነው። አንዱ "ልጅ ሆኜ ተከትቤያለሁ" ይላል። ወንድማችን፣ አልተከተብክም! ሄፓታይተስ ቢን የያዘው ባለአምስቱ ክትባት በአገራችን የህፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የዚያን ጊዜ ጨቅላዎች ገና አሁን ነው የዩኒቨርሲቲ በር የሚያንኳኩት። ሌላው "እኔ እጠነቀቃለሁ፣ ጓንት አደርጋለሁ" ይላል። ጓንት መርፌን አይመልስም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ እያዳፋው ለሚሰራ ሰው ደግሞ ጥንቃቄም ይደክመዋል። ሶስተኛው የመጀመሪያውን ዶዝ ወስዶ ሁለተኛውን ረስቷል። አራተኛው "አዋቂን ሲይዝ በራሱ ይድናል" ብሎ ይከራከራል። አልዋሸም፤ አብዛኛው ይድናል። ከ100 እስከ 5 የሚሆኑት ግን ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ። ከአምስቱ አንዱ እንደማይሆን ማን ነገረው?

እንዲህ ስንል ጣታችንን ነርሷ ላይ ብቻ ቀስረን ልንሄድ አይደለም። በዚህ ኑሮ ውድነት ክትባቱን ከኪሷ ገዝታ፣ ቀኑን ራሷ ቆጥራ፣ ፈረቃዋን ራሷ አስተካክላ ትከተብ ማለት ቀልድ ነው። ዋናው ጠባችን "ይመከራል" ከሚለው ቃል ጋር ነው። የአገሪቱ የሄፓታይተስ መከላከያ መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አለ፤ የጤና ባለሙያ መከተብ እንዳለበትም ይመክራል። ምክር ደግሞ በጀት የለውም፣ ተጠያቂ የለውም፣ ቀን የለውም። አንድ ሰሞን ዘመቻ ቢመጣ እንኳ ዘመቻው ሲያልፍ የሚቀጠረው አዲስ ሰራተኛ መልሶ ባዶ እጁን ነው።

አቅም የለንም እንዳትሉን። የኮቪድ ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ መጋቢት 4 ቀን ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ውስጥ መሰጠት ተጀመረ። ቅድሚያው ለማን ነበር? ለጤና ሰራተኛው! በስድስት ቀን ውስጥ። ማቀዝቀዣውም፣ መዝገቡም፣ ሰው ማሰለፉም ተቻለ። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

ደግሞ ይህን አስቡት። ወደ ሳዑዲ ወይም ኩዌት ለቤት ሰራተኝነት የምትሄድ እህታችን ከመሳፈሯ በፊት ደሟ ለሄፓታይተስ ቢ ይመረመራል፤ ከተገኘባት ጉዞው ይቀራል። የዚህን ፍትሃዊነት ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። የሰው ወጥ ቤት ለምትገባዋ ይህን ያህል ሲጠየቅ፣ መርፌ ይዛ ዋርድ የምትገባዋን ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂ የላትም።

"ማስገደድ መብት መጋፋት ነው" የሚሉንም አሉ። አሜሪካኖቹ ለዚህ መላ አበጅተውለታል። እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ደንብ አሰሪው ከደም ጋር ለሚነካካ ሰራተኛ ሁሉ ስራ በተመደበ በ10 የስራ ቀናት ውስጥ ክትባቱን በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ሰራተኛው እምቢ ማለት ይችላል፤ ግን እምቢታውን በፊርማው ያኖራል። ግዴታው የወደቀው ማን ላይ እንደሆነ አያችሁ? አሰሪው ላይ። ክትባቱ፣ ጥንቃቄውና ደንቡ ተደማምረው ከ1983 እስከ 1995 ባለው ጊዜ በጤና ሰራተኞች መካከል አዲስ የሚያዘው ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ አሽቆልቁሏል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ የመንግስት ዩኒቨርሲቲም ሆነ የግል የጤና ኮሌጅ ተማሪውን በገባበት ዓመት ያስከትበው፤ ሶስተኛውን ዶዝ ሳይጨርስ ታማሚ ላይ መርፌ አያሲዘው። ሁለተኛ፣ ሆስፒታሉና ክሊኒኩ ከዋናው ሀኪም እስከ ፅዳት ሰራተኛዋ በነፃ ያስከትብ፤ ማን ስንተኛው ላይ እንደደረሰ የሚያሳይ መዝገብ ይኑረው፤ አልከተብም ያለም ይፈርም። ሶስተኛውና ትልቁ፣ ሲመረመር ቫይረሱ የተገኘበት ሰራተኛ እንጀራው አይቆረጥ። ክትትልና መድሃኒት ያግኝ እንጂ በሹክሹክታ አይባረር። ይህ ካልተረጋገጠ ማንም እጁን ለምርመራ አይዘረጋም፤ እኛም ብንሆን አንዘረጋም።

ነጭ ጋዋን ለብሰው ሲመረቁ ፎቶ እየተነሳን እልል የምንልላቸው የእኛው እኩዮች ናቸው። ያኔ አበባ ይዘን የምንሄደውን ያህል ሶስት መርፌ እንዲወጉም ብንጨቀጭቅላቸው ምን አለበት? እስከዚያው ቀጠሮ ረስታችሁ ሲስተር ስትቆጣችሁ፣ ቁጣዋን በአክብሮት ተቀበሉና የራሷን ካርድ እንድታሳያችሁ ጠይቋት። ካርድ ከሌላት የሚያሳፍረው እሷን አይደለም፤ ቀጥሮ ያሰማራትን ነው።