ፈርዖንም «ሰነፎች» ብሎ ነበር

ዛሬ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እንፈልጋለን፤ የእኛ የወንጌላውያን በዓል ዕረፍት የለበትም። ገና ይሁን ትንሣኤ፣ የዓመት ፈቃድ ይሁን የትምህርት መዝጊያ፣ ከአንዱ ሥራ ወጥተን ወደ ሌላው እንገባለን። ደክመን ወደ መሥሪያ ቤታችን ስንመለስ «በዓሉ እንዴት ነበር?» ለሚለን ሁሉ «ጌታ ይመስገን» እንላለን። ጌታ ሁልጊዜ ይመስገን፤ ይህን ድካም የሰጠን ግን እርሱ አይደለም።

ዳንግላን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ዳር ደግሞ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። መንገዱ ሰላም በሆነበት ዓመት የዳንግላ ልጅ ለበዓል ከአዲስ አበባ ይመጣል። አንድ ቀን ሙሉ መኪና ላይ ይውላል። በማግሥቱ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ጢስ ዓባይ፣ ሲመለስ ዘንገና ሐይቅ ዳር ፎቶ፣ ማታ ልዩ ፕሮግራም፣ ሌሊት አዳር ጸሎት። እናቱ ቡና አፍልተው ይጠብቁታል። አቦሉን ስልክ እያወራ ይጠጣል፤ ቶናውን በጥድፊያ፤ በረካው ሲቀዳ እርሱ ተነሥቶ ሄዷል። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር የተጓዘው እናቱን ሊያይ ነበር፤ አላያቸውም።

እኛ የምንለው በዓሉ ይቀንስ ሳይሆን ጸጥ ይበል ነው። አንድ ቦታ መቆየት። ያለ ማንቂያ ደወል መተኛት። ከአባት ጋር በእግር እስከ ማሳው ድረስ ሄዶ ጤፉ እንዴት እንደያዘ፣ ዳጉሳው ምን እንደሰጠ መስማት። መጽሐፍ ቅዱስን ለስብከት ነጥብ ሳይፈልጉ ማንበብ። ከወንድም ጋር ተቀምጦ ወሬው ሲያልቅ ዝም ማለት። ይህ ለብዙዎቻችን ጊዜ ማባከን ይመስላል። አይደለም።

«ዘመኑ አጭር ነው፤ የጌታ ሥራ ብዙ ነው፤ ዕረፍት ለሰነፎች ነው» የሚሉን አገልጋዮች አሉ። ቅንዓታቸውን እናከብራለን፤ ንግግሩ ግን ከማን አፍ እንደወጣ ይመርምሩ። በዘፀአት ምዕራፍ 5 ሕዝቡ እግዚአብሔርን ሊያመልክ እንዲለቀቅ ሲጠየቅ፣ ሰነፎች ናችሁ ብሎ ገለባ ከልክሎ ያንኑ የጡብ ቁጥር የጠየቃቸው ፈርዖን ነው። እግዚአብሔር ግን ባሪያዎቹን ካወጣ በኋላ በሲና የዕረፍት ቀን ሰጣቸው። ደግሞም ሰው የተፈጠረው በስድስተኛው ቀን ነው፤ ገና ምንም ሳይሠራ የተቀበለው የመጀመሪያው ሙሉ ቀን የዕረፍት ቀን ነበር። ዕረፍት የሥራ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ አዳም በዚያ ቀን ምን ነበረው?

ኤልያስንም አስቡት። በ1ኛ ነገሥት 19 ሞትን ለምኖ ከዛፍ ሥር ሲወድቅ፣ መልአኩ ኮንፈረንስ አልጠራለትም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ እንደገና አስተኛው፤ እንደገና አበላው። የእግዚአብሔር ድምፅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የመጣውም በጸጥታ ነው። ጌታችንም በማርቆስ 6፥31 ሐዋርያቱ የሚበሉበት ጊዜ እንኳ ባጡበት ሰዓት፣ ሕዝቡ ገና እየመጣ ሳለ፣ ወደ ምድረ በዳ ወስዶ ሊያሳርፋቸው ፈለገ። ሕዝቡ ተከትሎ ቢቀድማቸውም፣ የጌታ አሳብ ግን ተጽፎልናል።

ሌላው መከራከሪያ የእኛ የአካባቢያችን ነው። በአዊ ዞን እኛ ቁጥራችን ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ጎረቤታችን ኦርቶዶክስ ነው። በወር ውስጥ ብዙ ቀን በዓል ብሎ ከእርሻ ሲያርፍ አይተን «እኛ እኮ ከቀን ባርነት ነፃ ወጥተናል» እንላለን። ጽድቅ በቀን አይገኝም፤ ሮሜ 14ንና ቆላስይስ 2ን እናምናለን። ነገር ግን ከቀን ባርነት ወጥተን የፕሮግራም ባርያ ከሆንን ምን ተጠቀምን? የዚህ አገር አማኞች ስለ ዕረፍት ቀን ብዙ ከፍለዋል። ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ የሚሟገቱ መነኮሳት ለረጅም ዘመን ተሰድደዋል፤ በመጨረሻም በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱንም አጸናቸው። ዛሬ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ስናልፍ የምናገኛት ከተማ አዲስ ቅዳም ትባላለች፤ የቀኑን ስም ይዛለች። በትምህርቱ ባንስማማም፣ ለዕረፍት የተሰደደ ሰው ባለበት አገር ዕረፍትን መናቅ አያምርብንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዓሉን በጥድፊያ ስንሞላው ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ዶሮ ሲበለት፣ እንግዳ ሲቀበል ሌሊቱን የሚያነጉት እናቶቻችንና የቤት ሠራተኞቻችን ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ ሠራተኛው ፈቃዱን ለመተው ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ የለውም ይላል። ነገር ግን ያው አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን አያካትትም፤ በወጥ ቤታችን ያለችው ልጅ ከአጥሩ ውጭ ቀርታለች። ዘዳግም 5፥14 ግን አላስቀራትም። ወንዱም ሴቷም አገልጋይ እንደ አንተ ይረፉ ይላል። እንግዲህ ሕጉ ያልደረሰባትን ልጅ በእኛ ቤት ወንጌል ካልደረሰላት፣ ሳሎን ውስጥ የምንዘምረው ለማን ነው?

ያው ቃል በሬውንና አህያውንም ይቆጥራል። የፈረስ ነገር ለአዊ ሰው አይነገረውም፤ በየዓመቱ ጥር 23 የፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ የሚከበርበት ምድር ነው። ያለ ዕረፍት የተጋለበ ፈረስ እንደሚወድቅ እናውቃለን። ለፈረስ ያወቅነውን ለመዘምራን፣ ለወንጌላዊውና ለሚስቱ እንዴት ረሳነው?

«ዕረፍት ለሀብታም ነው» የሚልም አለ። በእርግጥ በዘመናችን ዕረፍት ሲነሣ ሰው የሚያስበው ቢሾፍቱን፣ ላንጋኖን፣ በገበታ ለሀገር የለሙትን ጎርጎራንና ወንጪን ነው። የቻለ ቢሄድ አንቃወምም። ሰንበትን መጀመሪያ የተቀበሉት ግን ሪዞርት ያልነበራቸው፣ ከጡብ ሥራ የወጡ ሰዎች ናቸው። በጓሮ ያለ ዛፍና አንድ በርጩማ ይበቃል። የሚከብደው ሌላ ነው፤ የቀን ሠራተኛው ወንድማችን አንድ ቀን ቢያርፍ ያን ቀን አይበላም። ለእርሱ «እረፍ» ብሎ መስበክ ብቻ ጭካኔ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለበዓል ኮንፈረንስ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ የምትከራይበትን ገንዘብ ከፍላ ለዚህ ወንድም የሦስት ቀን እንጀራ ብታደርገው፣ ያ ራሱ ስብከት ነው።

ባለፉት ዓመታት በክልላችን ባለው ግጭት ብዙዎች ለበዓል እንኳ ቤታቸው መድረስ አልቻሉም። «ሰላም በሌለበት ምን ዕረፍት?» ብትሉ ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በቀላሉ አንመልሰውም። ዕረፍት ሥጋትን አያጠፋም። ሆኖም ጌታ ማዕበሉ ሳይቆም በታንኳዋ ተኝቶ ነበር። መተኛት ዓለምን የሚጠብቀው ሌላ ነው ብሎ ማመን ነው፤ መዝሙር 127ም እንዲሁ ያስተምራል። የምንፈራ ሰዎች ደግሞ ከማንም በላይ አጠገባችን የማይቸኩል ሰው ያስፈልገናል።

ስለዚህ እንጠይቃለን። ሽማግሌዎችና መጋቢዎች ሆይ፣ ከሚመጣው በዓል ጀምሮ ከእሑድ አምልኮ በቀር ምንም ፕሮግራም የሌለበት አንድ ሳምንት ለምእመናን ስጡ፤ የመጣ ሰው ቢያንስ አትቍጠሩ። ከሩቅ የምትመጡ ልጆች፣ ዳንግላ ስትደርሱ ቦርሳውን አስቀምጡ፤ በረካው እስኪቀዳ አትነሡ። አባወራዎች፣ በዓሉ ሁለት ዓይነት ወጥ ቢጎድለው እናት ተቀምጣ ትብላ፤ ሠራተኛችሁም ከነሙሉ ደመወዟ ወደ ቤተሰቧ ትሂድ።

ዕብራውያን 4 ለእግዚአብሔር ሕዝብ የቀረ ዕረፍት እንዳለ ይነግረናል። ወደዚያ ዕረፍት እንሄዳለን የምንል ሰዎች፣ እዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ መቀመጥ ካቃተን፣ ጎረቤታችን በምን ያምነናል?

ጌታ ያሳርፋችሁ። አሜን።